ክምችት የኬሚካዊ አፀግብሮትን ፍጥነት ምን ያህል እንደሚለውጥ በሙከራ እንዴት ይታወቃል?

ክምችቱ ከፍ ያለ ብጥብጥ (አንድ ነገር የሟሟበት ፈሳሽ) ከቀጭኑ ይልቅ ፈጥኖ አፀግብሮት (ንጥረ ነገሮች ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጡበት ሂደት) እንደሚያካሂድ ኬሚስትሪ መማር የጀመረ ሁሉ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ግን ገና ጅምር ነው፤ ክምችቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ አራት እጥፍ ይሆናል ወይስ ጨርሶ አይለወጥም ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥምና። ሦስቱም ዓይነት አፀግብሮቶች አሉ። አንድ አፀግብሮት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ደግሞ የተመጣጠነውን ኬሚካዊ እኩልታ በማየት አይታወቅም፤ የሚታወቀው በልኬት ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ልኬቱ በአንድ ተራ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ከተገኙት ቁጥሮችም ምን መደምደም እንደሚቻልና ምን መደምደም እንደማይቻል ያስረዳል።

አስቀድሞ ሁለቱን ቃላት ማጥራት ያስፈልጋል። ክምችት ወይም ኮንሰንትሬሽን የምንለው በአንድ ሊትር ብጥብጥ ውስጥ ያለውን የሟሚውን ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ብዛት ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 0.15 ሞል ካለ የብጥብጡ ክምችት 0.15 ሞላር ነው ይባላል። የአፀግብሮት ፍጥነት ደግሞ ይህ ክምችት በእያንዳንዱ ሰከንድ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ወይም የውጤቱ ክምችት በእያንዳንዱ ሰከንድ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚገልጽ ቁጥር ነው። ክምችትና ጠቅላላ መጠን አንድ አይደሉም። አንድ ባልዲ ቀጭን አሲድ ውስጥ ከአንድ ብርጭቆ ወፍራም አሲድ የበለጠ ሞል ሊኖር ይችላል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ቅንጣቶቹ በቦታው ላይ ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚገኙ እንጂ በጠቅላላው ስንት እንደሆኑ አይደለም።

ፍጥነቱ ለምን ይለወጣል?

ሁለት ቅንጣቶች አፀግብሮት እንዲያካሂዱ መጀመሪያ መጋጨት አለባቸው። መጋጨታቸው ብቻም አይበቃም፤ ግጭቱ ነባሩን ትስስር ለማላላት የሚበቃ ጉልበት ያለው መሆን ይኖርበታል፣ ቅንጣቶቹም በትክክለኛው ጎናቸው መገናኘት አለባቸው። ይህን ሐሳብ በስሌት መልክ ያቀረቡት ማክስ ትራውትዝ በ1916 እና ዊልያም ሉዊስ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ሲሆኑ፣ ዛሬም በትምህርት ቤት የምንማረው የግጭት ንድፈ ሐሳብ ከእነሱ ሥራ የመጣ ነው።

ክምችት የሚሠራው በግጭቱ ብዛት ላይ ነው። በአንድ ትንሽ ቦታ ውስጥ 10 የሀ ቅንጣቶችና 10 የለ ቅንጣቶች ቢኖሩ፣ ሊገናኙ የሚችሉት የሀ እና የለ ጥንዶች 100 ናቸው። የሀን ቁጥር ወደ 20 ብናሳድግ ጥንዶቹ 200 ይሆናሉ፤ ሁለቱንም ወደ 20 ብናሳድግ ደግሞ 400 ይደርሳሉ። አፀግብሮቱ በአንድ እርምጃ ብቻ የሚካሄድ፣ አንድ ሀ ከአንድ ለ ጋር በቀጥታ ተጋጭቶ የሚያልቅ ከሆነ፣ ፍጥነቱም በዚሁ ልክ ያድጋል።

እዚህ ላይ በተማሪዎች የመልስ ወረቀት ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ክምችቱ ሲጨምር ቅንጣቶቹ በፍጥነት መንቀሳቀስ አይጀምሩም፤ እያንዳንዱ ግጭትም የበለጠ ጉልበት አያገኝም። ቅንጣቶቹን የሚያፈጥናቸው ሙቀት ነው። ሙቀት ከፍ ሲል ከጠቅላላው ግጭት ውስጥ በቂ ጉልበት ያላቸው ግጭቶች ድርሻ ይጨምራል፤ ክምችት ከፍ ሲል ግን ድርሻው ባለበት ይቆያል፣ የሚበዛው ጠቅላላው የግጭት ብዛት ነው። ከመቶ ሺህ ግጭት አንዱ ብቻ ፍሬያማ ቢሆን፣ ክምችቱ ከፍ ብሎ ግጭቶቹ ሁለት መቶ ሺህ ሲሆኑ ፍሬያማዎቹ ሁለት ይሆናሉ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያልለየ ሰው የሙከራውን ውጤት በትክክል ለክቶ እንኳ በተሳሳተ ምክንያት ሊያስረዳው ይችላል።

ለሙከራው መዘጋጀት

ለዚህ ሥራ ከማውቃቸው ሁሉ አስተማማኝ የምለው የሶዲየም ታዮሰልፌትና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ አፀግብሮት ነው። ሁለቱም ብጥብጦች እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው፤ ሲቀላቀሉ ድኝ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ፣ ውሃና የገበታ ጨው ይገኛሉ። ድኙ በውሃ ስለማይሟሟ ፈሳሹን ቀስ በቀስ ያደፈርሰዋል። በፍላስኩ ሥር በወረቀት ላይ የተሳለ ጥቁር የመስቀል ምልክት ከላይ ወደ ታች ሲያዩት እስከሚሰወር ድረስ ያለውን ጊዜ በመቁጠር የአፀግብሮቱን ፍጥነት ማነጻጸር ይቻላል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው።

የሚያስፈልጉት ሾጣጣ ፍላስክ፣ ሁለት ወይም ሦስት መለኪያ ሲሊንደሮች፣ ቴርሞሜትር፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ነጭ ወረቀትና ጥቁር ብዕር ናቸው። የታዮሰልፌቱን ብጥብጥ 0.15 ሞላር አድርጎ ለማዘጋጀት ውሃ አዘሉ ክሪስታል ከሆነ 37.2 ግራም ተመዝኖ በጥቂት የተጣራ ውሃ ከሟሟ በኋላ ጠቅላላው አንድ ሊትር እስኪሞላ ውሃ ይጨመርበታል። ውሃ አልባው ዱቄት ከሆነ ግን የሚመዘነው 23.7 ግራም ብቻ ነው። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነቡ መመዘን ክምችቱን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሊያዛባው ስለሚችል፣ በዚህ ነጥብ ላይ መቸኮል አይገባም። አሲዱ 2 ሞላር ቢሆን ይመረጣል፤ በዚህ ክምችት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ከተገኘ እጅግ መልካም ነው። ከወፍራም አሲድ ማቅጠን ግድ ከሆነ ሥራውን መምህሩ ወይም የቤተ ሙከራ ባለሙያው ይሥራው፤ ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይጨመርም።

ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የመተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣ ጋዝ ነው። በተለይ አስም ያለበት ሰው በጥቂቱም ሊታመም ስለሚችል፣ መስኮቶች ተከፍተው አየር በሚዘዋወርበት ክፍል መሥራት፣ አፍንጫን ወደ ፍላስኩ አፍ አለማስጠጋትና የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው። ምልክቱ እንደተሰወረ የፍላስኩ ይዘት ሳይዘገይ የሶዲየም ካርቦኔት ብጥብጥ ወዳለበት ሰፊ ዕቃ ይገለበጣል፤ ካርቦኔቱ አሲዱን ስለሚያረክሰው አፀግብሮቱም የጋዙ መውጣትም ይቆማል። ፍላስኩም ወዲያው በውሃ ይታጠባል፤ በግድግዳው ላይ የቀረ ድኝ ለሚቀጥለው ልኬት ብርጭቆውን አስቀድሞ ያደበዝዘዋልና።

አሠራሩ

የሙከራው ዋና ብልሃት አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሁሉ ባለበት መያዝ ነው። እዚህ የሚለወጠው የታዮሰልፌቱ ክምችት ነው። በመጀመሪያው ዙር 50 ሚሊ ሊትር የታዮሰልፌት ብጥብጥ ያለ ምንም ውሃ ይወሰዳል። በሁለተኛው 40 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ከ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር፣ በሦስተኛው 30 ከ20 ጋር፣ በአራተኛው 20 ከ30 ጋር፣ በአምስተኛው 10 ከ40 ጋር ይቀላቀላል። በሁሉም ዙር መጨረሻ ላይ 5 ሚሊ ሊትር አሲድ ስለሚጨመር ጠቅላላው ይዘት ዘወትር 55 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

ውሃው ለምን እንደሚጨመር ቆም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። አንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር በነበረበት ቦታ 10 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ብቻ ወስዶ ውሃውን ቢተው፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይበላሹበታል። አንደኛ፣ አሲዱ የሚበረዝበት ፈሳሽ ስለሚያንስ የአሲዱ ክምችት ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ የታዮሰልፌቱ ክምችት እሱ እንዳሰበው ወደ አንድ አምስተኛ አይወርድም፤ ጠቅላላው ይዘት 15 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን የሚወርደው ከ0.136 ሞላር ወደ 0.1 ሞላር ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የፈሳሹ ጥልቀት ስለሚቀንስ ዓይን ምልክቱን የሚያየው በቀጭን ሽፋን ውስጥ ይሆናል፤ ምልክቱን ለመሰወርም ሌላ መጠን ያለው ድኝ ያስፈልጋል። ጠቅላላው ይዘት እኩል ከሆነ ግን ሦስቱም ችግሮች በአንድ ጊዜ ይወገዳሉ፤ የታዮሰልፌቱ ክምችትም ከተወሰደው ሚሊ ሊትር ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ከተቀላቀለ በኋላ በመጀመሪያው ዙር 0.136፣ በሁለተኛው 0.109፣ በሦስተኛው 0.082፣ በአራተኛው 0.055፣ በአምስተኛው 0.027 ሞላር ነው። አሲዱ በሁሉም 0.18 ሞላር ሆኖ ይጸናል።

ታዮሰልፌቱና ውሃው በፍላስኩ ውስጥ ከተቀላቀሉ በኋላ ፍላስኩ በምልክቱ ላይ ይቀመጣል። አሲዱ በአንድ ጊዜ ይገለበጥና ሰዓቱ በዚያው ቅጽበት ይጀመራል፤ ፍላስኩም ሁለት ጊዜ ያህል በቀስታ ተሽከርክሮ በቦታው ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ምንም የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ ፈሳሹ ወደ ሰማያዊ ያደላ ስስ ጭጋግ ይይዛል፤ ይህ ገና ደቃቅ የሆኑት የድኝ ቅንጣቶች ብርሃኑን ሲበትኑት የሚታይ ቀለም ነው። ጭጋጉ ወዲያው ወደ ነጭ፣ ቀጥሎም ወደ ፈዛዛ ቢጫ ይለወጣል፤ የምልክቱ ጠርዞች ይደበዝዛሉ፣ መካከሉ ብቻ እንደ ግራጫ ጥላ ትንሽ ይቆያል፣ በመጨረሻም ይሰወራል። ሰዓቱ የሚቆመው ጥላው ሙሉ በሙሉ በጠፋበት ቅጽበት ነው። ይህን የመወሰን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ይሥራው፤ ከአንድ ከፍታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ በአንድ ምልክት ላይ ይሁን። የሁለት ሰዎች ዓይን በቀጭኑ ብጥብጥ ላይ ብዙ ሰከንድ ሊለያይ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሙቀት ነው። ብዙ አፀግብሮቶች በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ ፍጥነታቸው እጥፍ ገደማ ይሆናል የሚለው የተለመደ ግምት እዚህ ቢያዝ፣ የሁለት ዲግሪ ልዩነት ብቻ ፍጥነቱን 15 በመቶ ያህል ይለውጣል። ስለዚህ ብጥብጡ፣ አሲዱና ውሃው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያና መጨረሻ ሙቀቱ ተለክቶ ይጻፍ። በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በመጨረሻዎቹ ዙሮች በብዛት ስለሚገባ፣ ቀጭኖቹን ብጥብጦች ይበልጥ ያዘገያቸዋል፤ ተማሪውም በሙቀት የመጣውን መዘግየት ለክምችት ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ዙር ሦስት ጊዜ ቢደገም፣ ድግግሞሾቹም ከ50 ወደ 10 በቅደም ተከተል ከመሄድ ይልቅ ተዘበራርቀው ቢሠሩ፣ ክፍሉ ቀስ በቀስ ሲሞቅ የሚመጣው አድልዎ ይቀንሳል።

ከሰከንድ ወደ ፍጥነት

የተለካው ጊዜ ነው፤ የሚፈለገው ፍጥነት ነው። ምልክቱን ለመሰወር የሚያስፈልገው የድኝ መጠን በሁሉም ዙር አንድ ስለሆነ፣ ያንን መጠን በአጭር ጊዜ ያስገኘው ዙር ፈጣን ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ 1 ለጊዜው ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ጋር ይመጣጠናል። ቁጥሮቹ እንዳያንሱ 1000 ለጊዜው ማካፈልም ይቻላል፤ የግራፉን ቅርጽ አይለውጠውም።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል፣ ፍጥነቱ ከታዮሰልፌቱ ክምችት ጋር ፍጹም የሚመጣጠን አፀግብሮት በመጀመሪያው ዙር 40 ሰከንድ ወሰደ እንበል። የሚጠበቁት ቀሪዎቹ ጊዜያት 50፣ 67፣ 100 እና 200 ሰከንድ ናቸው። 1000 ለአምስቱም ጊዜያት በየተራ ሲካፈል 25፣ 20፣ 15፣ 10 እና 5 ይገኛል። በአግድም ዘንግ ላይ የታዮሰልፌቱን ክምችት፣ በቋሚው ዘንግ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ስናስቀምጥ ነጥቦቹ ከዜሮ በሚነሳ ቀጥተኛ መስመር ላይ ያርፋሉ። ይህ በስሌት የተገኘ እንጂ የተለካ አይደለም፤ በእጅ የተለኩ ነጥቦች ከመስመሩ ግራና ቀኝ መበተናቸው አይቀርም፤ መስመሩም በመካከላቸው የሚያልፍ ሆኖ ይሠመራል እንጂ ነጥብ ከነጥብ እየተያያዘ አይሠመርም።

ጊዜውን ራሱን በክምችቱ ላይ መሣል ግን አይበቃም። የሚገኘው ወደ ታች የሚወርድ ጉብጥ መስመር ነው፤ ከጉብጠቱ ደግሞ ግንኙነቱ ቀጥታ ይሁን የካሬ በዓይን መለየት አይቻልም።

በአምስተኛው ዙር ነጥቡ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ወዲያው የእጅ ስሕተት ነው ብሎ መጣል አይገባም። በመጀመሪያው ዙር ፍላስኩ ውስጥ 7.5 ሚሊ ሞል ታዮሰልፌት አለ፤ በአምስተኛው 1.5 ብቻ ነው። ምልክቱን የሚሰውረው ድኝ በሁለቱም እኩል ስለሆነ፣ በአምስተኛው ዙር ከታዮሰልፌቱ ውስጥ አምስት እጥፍ የሚበልጠው ድርሻ ሰዓቱ ሳይቆም ያልቃል። ክምችቱ በልኬቱ መካከል ስለሚወርድ አማካዩ ፍጥነት ከመነሻው ፍጥነት ያንሳል። የለካነው ግን እሱን አማካዩን ነው።

አርቢውን ማግኘት

የክምችትና የፍጥነት ግንኙነት በአጠቃላይ እንዲህ ይጻፋል፦ ፍጥነት የአንድ ቋሚ ቁጥር፣ በአርቢ መ ከፍ ያለ የሀ ክምችትና በአርቢ ነ ከፍ ያለ የለ ክምችት ብዜት ነው። አርቢዎቹ የአፀግብሮቱ ደረጃ ይባላሉ። የሌላው ሁሉ ክምችት ሳይነካ የአንዱ ብቻ እጥፍ ሲደረግ ፍጥነቱ ካልተለወጠ አርቢው ዜሮ፣ እጥፍ ከሆነ አንድ፣ አራት እጥፍ ከሆነ ሁለት ነው። 1.4 ጊዜ ያህል ካደገ ግማሽ ነው፤ አርቢ የግድ ሙሉ ቁጥር አይደለምና። ክምችቱ ያደገው በእጥፍ ካልሆነ፣ የፍጥነቶቹ ውድር ሎጋሪዝም ለክምችቶቹ ውድር ሎጋሪዝም ሲካፈል አርቢው ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ተራው የአሲዱ ነው። ታዮሰልፌቱ በሁሉም ዙር 25 ሚሊ ሊትር ሆኖ አሲዱ 10፣ 8፣ 6፣ 4 ሚሊ ሊትር ይደረጋል፤ የጎደለው በውሃ ተሞልቶ ጠቅላላው ይዘት እንደገና 55 ይሆናል። የተመጣጠነው እኩልታ ለአንድ ታዮሰልፌት ሁለት አሲድ ስለሚያሳይ፣ ብዙ ሰው አሲዱ የሚበልጥ ተጽዕኖ እንዲኖረው ይጠብቃል። በትምህርት ቤት ሙከራዎች የሚታየው ግን የአሲዱ ተጽዕኖ ከታዮሰልፌቱ በግልጽ የሚያንስ መሆኑ ነው። ይህን በገዛ እጅ ለክቶ ማየት ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ ያስተምራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። እኩልታው የሚነግረን መነሻውንና መድረሻውን ሲሆን፣ አፀግብሮቱ ግን በአብዛኛው በበርካታ እርምጃዎች ያልፋል፤ ከእነዚህም መካከል እጅግ ዘገምተኛው የጠቅላላውን ፍጥነት ይወስናል። ከዘገምተኛው እርምጃ በኋላ የሚገባ ንጥረ ነገር ክምችቱ ቢጨምርም ባይጨምርም ፍጥነቱን አይነካውም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ በአሲድ አማካይነት የሚካሄደው የአዮዲንና የፕሮፓኖን (አሴቶን) አፀግብሮት ነው። ፍጥነቱ ከፕሮፓኖኑና ከአሲዱ ክምችት ጋር ይመጣጠናል፤ የአዮዲኑ ክምችት ግን ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ምንም እንኳ እየጠፋ የሚሄደው የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም ቢሆንም። አሲዱ በእኩልታው ውስጥ እንደ አፀግባሪ አይጻፍም፣ ፍጥነቱን ግን ይወስናል፤ አዮዲኑ በእኩልታው ውስጥ አለ፣ ፍጥነቱን ግን አይነካም። ዘገምተኛው እርምጃ ፕሮፓኖኑ በአሲዱ እየታገዘ ቅርጹን የሚለውጥበት ስለሆነ፣ አዮዲኑ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

በተቃራኒው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦክሲጅን ጋር ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሲሠራ፣ ለናይትሪክ ኦክሳይዱ አርቢው ሁለት፣ ለኦክሲጅኑ አንድ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይዱን እጥፍ ብናደርግ ፍጥነቱ አራት እጥፍ፣ ሁለቱንም እጥፍ ብናደርግ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የናይትሪክ ኦክሳይዱ ክምችት ወደ አንድ መቶኛ ቢወርድ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ አንድ አስር ሺህኛ ይወርዳል። ንጹሑ ጋዝ ከአየር ጋር በተገናኘበት ቅጽበት ወደ ቡናማ የሚለወጠው፣ በአየር ውስጥ እጅግ ሳስቶ ሲበተን ግን ከኦክሲጅን ጋር በቀጥታ የሚያካሂደው ይኸው አፀግብሮት እጅግ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

የፍጥነትና የክምችት ግንኙነት በቁጥር መጠናት የጀመረው በ1850 (እ.ኤ.አ.) ሉድቪግ ቪልሄልሚ የስኳር ብጥብጥ በአሲድ ሲፈርስ ፍጥነቱ ከቀሪው ስኳር ክምችት ጋር እንደሚመጣጠን ባሳየ ጊዜ ነው። ኖርዌያውያኑ ካቶ ጉልድበርግና ፒተር ዋገ በ1864 ነገሩን አስፍተው በሕግ መልክ አቀረቡት፤ ያኮቡስ ቫንት ሆፍም በ1884 ባሳተመው ሥራው የአፀግብሮትን ደረጃ ከልኬት የማግኛ መንገዶችን አብራራ። ቫንት ሆፍ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

አፀግብሮቱ እየተካሄደ ሳለ

አፀግባሪዎቹ እያለቁ ሲሄዱ ክምችታቸው ስለሚወርድ፣ ፍጥነቱም አብሮ ይወርዳል። ይህን ለማየት የእብነ በረድ ቁርጥራጮችና ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የያዘ ፍላስክ በሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ አፉን በጥጥ ሸፍኖ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ የሚቀንሰውን ክብደት በየ30 ሰከንዱ መጻፍ ይበቃል። የጠፋው ክብደት በጊዜው ላይ ሲሣል መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ እየጎበጠ ይሄዳል፣ በመጨረሻም አግድም ይሆናል። የሁለት አሲዶች ክምችት ሲነጻጸር መታየት ያለበት የመነሻው ተዳፋት ነው፤ ክምችቶቹ የሚታወቁት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነውና።

መስመሩ የቆመበት ከፍታ ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፤ እሱም በጠቅላላው ስንት ጋዝ ወጣ የሚለው ነው። እብነ በረዱ ተርፎ አሲዱ የሚያልቅ ከሆነ፣ በእኩል ይዘት የአሲዱን ክምችት በግማሽ መቀነስ ፍጥነቱንም የጋዙንም መጠን ይቀንሳል። አሲዱ በሁለቱም ተርፎ እብነ በረዱ የሚያልቅ ከሆነ ግን ሁለቱ መስመሮች በተለያየ ፍጥነት ተነስተው በአንድ ከፍታ ላይ ይገናኛሉ። ፈጣን አፀግብሮት ብዙ ውጤት ይሰጣል የሚለው አስተሳሰብ የሚመጣው ተዳፋቱንና ከፍታውን ካለመለየት ነው።

ደረጃው አንድ የሆነ አፀግብሮት ደግሞ አንድ የሚያምር ጠባይ አለው፤ ክምችቱ በግማሽ ለመቀነስ የሚወስድበት ጊዜ ከየትም ቢጀመር እኩል ነው። ከ0.8 ወደ 0.4 ለመውረድ 10 ደቂቃ ከወሰደ፣ ከ0.4 ወደ 0.2 እና ከ0.2 ወደ 0.1 ለመውረድም 10፣ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ይህን በግራፉ ላይ ያየ ሰው ሌላ ዙር ሳይሠራ ደረጃውን ያውቃል።

ደንቡ የተዛባ የሚመስልባቸው ሁኔታዎች

የአንድ ጠጣር ክምችት አይለወጥም። እብነ በረዱን እጥፍ ማድረግ በውስጡ ያሉትን ቅንጣቶች አያቀራርባቸውም፤ ለአሲዱ የሚጋለጠውን የገጽታ ስፋት ነው የሚጨምረው። በጋዞች ዘንድ የክምችትን ሥራ የሚሠራው ግፊት ነው፤ በአንድ ሙቀት የጋዙን ይዘት በግማሽ ጨምቆ ግፊቱን እጥፍ ማድረግ ክምችቱን እጥፍ ማድረግ ነው።

የሚቆጠረውም በቀጥታ ወደ አፀግብሮቱ የሚገባው ቅንጣት እንጂ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይደለም። አንድ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ይከፋፈላል፤ አንድ ሞላር አሴቲክ አሲድ ግን ከመቶ ግማሽ እንኳ የማይሞላው ብቻ አዮን ይሆናል፤ ስለዚህ እብነ በረድ ላይ እጅግ ይዘገያል። ከዚህ የባሰም አለ፦ 98 በመቶ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ በተለመደው ሙቀት በብረት ታንክ ተጭኖ ይጓጓዛል፤ ውሃ የበዛበት ሰልፈሪክ አሲድ ግን ያንኑ ብረት ይበላዋል። በወፍራሙ አሲድ ውስጥ ውሃው ጥቂት ስለሆነ በብረቱ ላይ የሚፈጠረው የሰልፌት ሽፋን ሳይሟሟ ቆይቶ ብረቱን ይጠብቀዋል። ይህን በቤተ ሙከራ ለመሞከር ማሰብ አይገባም፤ ወፍራም ሰልፈሪክ አሲድ ለተማሪ እጅ የሚሰጥ አይደለም።

ኢንዛይም ያለበት አፀግብሮትም የራሱ ወሰን አለው። ሌኦኖር ሚካኤሊስና ሞድ ሜንተን በ1913 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ኢንዛይሙ የሚሠራበት ንጥረ ነገር ጥቂት ሲሆን ፍጥነቱ ከክምችቱ ጋር ያድጋል፤ ኢንዛይሙ ሁሉ ሲያዝ ግን ተጨማሪው ወረፋ ከመጠበቅ በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው የሠራው ልኬት በጠባብ የክምችት ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ያገኘው አርቢ ከዚያ ክልል ውጭም ይሠራል ብሎ መጻፍ የለበትም።

ውጤቱን በትንበያ መፈተን

መስመሩ ከተሠመረ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፤ እኔ ከሁሉም ይልቅ ዋጋ የምሰጠውም ለዚህ ነው። እስካሁን ያልተለካ አንድ ድብልቅ ይመረጥ፤ ለምሳሌ 25 ሚሊ ሊትር ታዮሰልፌት፣ 25 ሚሊ ሊትር ውሃና 5 ሚሊ ሊትር አሲድ። ሰዓቱ ሳይነሳ በፊት ምልክቱ በስንት ሰከንድ እንደሚሰወር ከግራፉ ተነብቦ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ከላይ በምሳሌነት በሰጠነው መስመር ክምችቱ የመጀመሪያው ዙር ግማሽ ስለሆነ በቋሚው ዘንግ ላይ የሚነበበው 12.5 ነው፤ ጊዜውም 80 ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ ድብልቁ በትክክል በዚያው ሙቀት ሦስት ጊዜ ይለካ። የተለካው ጊዜ ከተተነበየው የሚለየው የአንድ ዙር ድግግሞሾች እርስ በርስ ከሚለያዩት በማይበልጥ መጠን ከሆነ፣ የተገኘው አርቢ በዚህ የክምችት ክልል ውስጥ ጸንቷል ማለት ነው። ልዩነቱ ከዚያ ከበለጠ መጀመሪያ የሚታየው የሙቀቱ መዝገብ ነው፤ ቀጥሎ የታዮሰልፌቱ ብጥብጥ ከተዘጋጀ ምን ያህል እንደቆየ ነው፤ ብጥብጡ ሲቆይ ይፈርሳልና። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ነጥቡ ሳይሰረዝ በግራፉ ላይ ይቀመጥና መስመሩ ሁሉንም ነጥቦች ይዞ እንደገና ይሠመራል።